ከኤክስቴንድድ ስቴይ ሆቴል ዲፖዚታችሁን እንዴት ታስመልሳላችሁ? ደረጃ በደረጃ

«ከሆቴሉ ከወጣሁ ሳምንት ሊሆነኝ ነው፤ ዲፖዚቴ ግን የውሃ ሽታ ሆኗል። ምን ላድርግ?»

እንዲህ ያለ መልእክት ከየስቴቱ ይደርሰኛል። ጠያቂዎቹም ይመሳሰላሉ። አንዱ ገና ከአገር ቤት መጥቶ ክሬዲት ስለሌለው አፓርታማ የከለከሉት ነው። ሌላዋ በኮንትራት ሥራ ለጥቂት ወራት ሌላ ከተማ የሄደች ነርስ ናት። የኪራይ ውሉ (ሊዙ) አልቆበት ቀጣዩ ቤት እስኪለቀቅ ከነልጆቹ ሳምንት በሳምንት እየከፈለ የሚቆይም አለ። ሁሉም ያረፉት ኩሽና ባለው፣ በሳምንት ወይም በወር በሚከፈልበት ሆቴል ነው፤ ኤክስቴንድድ ስቴይ የሚባለው ይህ ነው። ሲገቡም ዲፖዚት፣ ማለትም ሲወጡ የሚመለስ የመያዣ ገንዘብ፣ አስይዘዋል።

ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ አንድ ላይ ላስቀምጠው ብዬ ነው። የጻፍኩት አሜሪካ ውስጥ ላላችሁ ነው። ገና ልትገቡ ከሆነ ከላይ ጀምራችሁ አንብቡ። ከወጣችሁ በኋላ ከሆነ ደረጃ 1ን አንብባችሁ ወደ ደረጃ 7 ሂዱ። ደረጃ 1ን ግን ማንም እንዳይዘለው። ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ እዚያው ላይ ይፈታሉ።

በእጃችሁ መኖር ያለባቸው ነገሮች

- ስትገቡ የፈረማችሁበት ወረቀት። ከሌላችሁ ሪሴፕሽን ኮፒ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ።
- ዲፖዚቱ የተያዘበት ካርድ፤ ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን ካርዱ ራሱ።
- በጥሬ ገንዘብ ከሆነ ያስያዛችሁት ደረሰኙ።
- መታወቂያ፤ ስሙ ሆቴሉ ከመዘገበው ስም ጋር አንድ መሆን አለበት።
- ስትገቡና ስትወጡ የቀረጻችሁት የክፍሉ ቪዲዮ።
- ፎሊዮ፣ ማለትም እያንዳንዱ ክፍያና ተቀናሽ በቀን በቀኑ የተዘረዘረበት የሆቴሉ የሂሳብ ወረቀት።
- የባንክ አፓችሁ ስክሪንሾት፤ ገንዘቡ የተያዘበት መስመር የሚታይበት።
- ሁሌ የምትከፍቱት የኢሜይል አድራሻ።

ደረጃ 1፦ ገንዘቡ በምን መልክ እንደተያዘ እወቁ

ሁሉም «ዲፖዚት» ይባል እንጂ ሦስት ዓይነት አለ። የሚመለስበት መንገድም ለየቅል ነው።

የመጀመሪያው ሆልድ ነው። ሆቴሉ ገንዘቡን አልወሰደም። «ይህን ያህል ዶላር ለእኔ ያዙልኝ» ብሎ ለባንካችሁ ነገረ፣ ባንኩም ያንን ያህል አግዶ አስቀመጠ። በባንክ አፓችሁ ላይ «ፔንዲንግ» ከሚለው ሥር ታዩታላችሁ። በክሬዲት ካርድ ከሆነ ከምትበደሩት መጠን ላይ ይቀነሳል እንጂ ከኪሳችሁ የወጣ ሳንቲም የለም። በዴቢት ካርድ ከሆነ ግን የታገደው የራሳችሁ ገንዘብ ነው። 400 ዶላር ኖሯችሁ 150 ዶላር ሆልድ ከተደረገ መጠቀም የምትችሉት በ250ው ብቻ ነው። ይህን ሳያዩ የስልክና የመኪና ኢንሹራንስ ክፍያ በራሱ እንዲቆረጥ ያደረጉ ሰዎች የኦቨርድራፍት (ከሂሳብ በላይ የማውጣት) ቅጣት ይደርስባቸዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደናገራል። ሆልድ ሲለቀቅ «ሪፈንድ» የሚል አዲስ መስመር አይመጣም። ፔንዲንግ የነበረው ዝም ብሎ ይጠፋል፣ ልትጠቀሙበት የምትችሉት ሂሳብ ደግሞ ከፍ ይላል። «ተመላሹን ጠብቄ ጠብቄ ምንም አልመጣም» ብለው ከሚጽፉልኝ መካከል ሂሳባቸውን በደንብ ሲያዩ ገንዘቡ ተመልሶ የሚያገኙት ጥቂት አይደሉም። ስለዚህ ካስያዛችሁበት ቀን ጀምሮ ሁለት ቁጥር ተከታተሉ፦ ጠቅላላ ሂሳባችሁንና ልትጠቀሙበት የምትችሉትን።

ሁለተኛው በትክክል የተቆረጠ ክፍያ ነው። ሆቴሉ ገንዘቡን ወስዷል። አፓችሁ ላይ «ፖስትድ» ሆኖ፣ ከፔንዲንግ ወጥቶ ታገኙታላችሁ። ይህ ሲመለስ ሆቴሉ ራሱ ሪፈንድ ማድረግ አለበት። አንድ የሆቴል ሠራተኛ ኮምፒውተሩ ላይ ካልሠራው ዓመት ብትጠብቁ አይመጣም። ሆልድ ግን ሆቴሉ ቢረሳውም ጊዜው ሲደርስ ባንኩ ጋ ይለቀቃል።

ሦስተኛው ጥሬ ገንዘብ ነው። ካርድ ለሌለው የሚቀበሉ ሆቴሎች አሉ። አንዳንዶቹ ስትወጡ እዚያው በእጃችሁ ይሰጣሉ፣ ሌሎቹ በቼክ በፖስታ ይልካሉ። ቼክ ከሆነ የምትሰጡት አድራሻ ወሳኝ ነው። ከሆቴል ወጥታችሁ ገና ቤት ካላገኛችሁ የምታምኑትን ሰው አድራሻ ስጡ።

አንድ ጥያቄ ቀረ፦ ካርዱ የማን ነው? አዲስ ለመጣ ሰው ብዙ ጊዜ የአጎት ልጅ ወይም ጓደኛ ነው ካርዱን የሚሰጠው። ገንዘቡ የሚመለሰው ወደዚያው ካርድ ብቻ ነው። ክፍሉ በስማችሁ ቢሆንም ባንኩ የሚያናግረው የካርዱን ባለቤት ነው። መሥሪያ ቤት ወይም የስደተኞች ረዳት ድርጅት አስይዞላችሁ ከሆነም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ከባለካርዱ ጋር ከመጀመሪያው ተነጋገሩ።

ደረጃ 2፦ ከመፈረማችሁ በፊት እነዚህን መስመሮች ፈልጉ

ወረቀቱ ረጅም ነው፤ ከኋላችሁም ሰልፍ አለ። ቢሆንም አራት ነገር ፈልጉ።

ሀ. «ሪፈንደብል» ነው ወይስ «ነን ሪፈንደብል»? ዲፖዚት ይመለሳል፣ «ፊ» (ክፍያ) የተባለው ግን አይመለስም። የውሻና የድመት ክፍያ ብዙ ጊዜ የማይመለስ ነው። ሁለቱም በአንድ ቀን ስለሚቆረጡ ሰው አንድ ላይ ደምሮ «ዲፖዚቴ» ይላል፤ ከዚያ የተመለሰው አነሰብኝ ብሎ ይጣላል።

ለ. ከጊዜው በፊት ከወጣችሁ ምን ይሆናል? የሳምንት ዋጋ ከዕለት ዋጋ ይረክሳል። ለሳምንት ተዋውላችሁ በአራተኛው ቀን ብትወጡ አንዳንድ ሆቴል አራቱን ቀን በዕለት ዋጋ ያሰላና ልዩነቱን ከዲፖዚቱ ይወስዳል።

ሐ. ስትወጡ ምን ያህል ቀን አስቀድማችሁ ማሳወቅ አለባችሁ?

መ. ስለ ጭስ፣ ስለ ጠፋ ቁልፍ፣ ስለ ጽዳት የተጻፈ ቅጣት አለ? ስንት ነው?

በኤክስፒዲያ ወይም በቡኪንግ ዶት ኮም በኩል ለያዛችሁ ደግሞ፦ የክፍሉን ኪራይ የከፈላችሁት ለእነሱ ሊሆን ይችላል። ዲፖዚቱን የያዘው ግን ሪሴፕሽኑ ነው፤ ጥያቄያችሁም መሄድ ያለበት ወደ ሆቴሉ ነው።

ደረጃ 3፦ ሻንጣ ሳታስገቡ ክፍሉን ቅረጹ

በር ከፍታችሁ በምትገቡበት ቅጽበት ስልካችሁን አውጡ። ከበሩ ቁጥር ጀምሩ። ሳታቋርጡ ግድግዳውን፣ ምንጣፉን፣ የፍራሹን ጠርዝ፣ የፍሪጁን ውስጥ፣ የምድጃውን ገጽ፣ የሻወሩን ጥግ፣ ቴሌቪዥኑንና ሪሞቱን አሳዩ። የሲጋራ ቃጠሎ፣ እድፍ ወይም ስንጥቅ ካለ ጠጋ ብላችሁ ያዙት። ድስትና ሳህን ከተሰጣችሁ ቁጠሩት።

ከዚያ ያገኛችሁትን ጉዳት በዚያው ቀን ለሆቴሉ በኢሜይል ላኩ። ቪዲዮው ስልካችሁ ላይ ብቻ ከቀረ መቼ እንደተቀረጸ ክርክር ሊነሳ ይችላል። ኢሜይል ግን ቀንና ሰዓቱን ይዞ ይቀመጣል። ስልክ ቢጠፋም አይጠፋም።

ደረጃ 4፦ ከመውጣታችሁ ቀድማችሁ በጽሑፍ አሳውቁ

ወረቀቱ የጠየቀውን ቀን ጠብቁ። ቀን ካልተጻፈ ሁለት ሦስት ቀን ቀደም በሉ። ለሪሴፕሽን በአፍ ከነገራችሁ በኋላ አጭር ኢሜይል ላኩ፦ የክፍል ቁጥር፣ የምትወጡበት ቀንና ሰዓት፣ «ስወጣ ክፍሉን አብራችሁኝ እንድታዩልኝ እፈልጋለሁ» የሚል አንድ መስመር። ማናጀሩ የትኛው ሰዓት ላይ እንደሚገኝም ጠይቁ። ሌሊት የሚሠራው ሠራተኛ ሪፈንድ የማድረግ ፈቃድ ላይኖረው ይችላል። ማናጀሩ ባለበት ሰዓት መውጣት የሳምንት ጭቅጭቅ ያድናል።

ደረጃ 5፦ ክፍሉን አዘጋጁ

በእኛ ሰዎች ላይ ዲፖዚት የሚቆረጥባቸው ምክንያቶች ከሌላው እንግዳ ትንሽ ይለያሉ። ስለዚህ እዚህ ላይ ዘርዘር ላድርገው።

ጭስ። «እኔ ሲጋራ አላጨስም» ማለት አይበቃም። የሆቴሉ የጭስ ደንብ ብዙ ጊዜ ስለ ሽታ ጭምር ይናገራል። ዕጣን መጋረጃና ምንጣፍ ውስጥ ይገባል፣ ቀን ቢያልፈውም ይሸታል። ቡና መቁላት ደግሞ በትንሽ ክፍል ውስጥ ጠቋሚውን ያስጮኻል። የጽዳት ሠራተኛዋ ስትገባ የሚሸታት «ጭስ» ነው። የዕጣን ይሁን የሲጋራ የምትለይበት መንገድ የላትም። የጭስ ቅጣቱ ከ200 ዶላር በላይ የሆነባቸው ሆቴሎች ብዙ ናቸው፤ ያስያዛችሁትን በሙሉ ሊውጠው ይችላል። ቡናውን ተቆልቶ የተፈጨ ግዙ ወይም ወዳጅ ቤት ቆልታችሁ አምጡ። ዕጣኑ የራሳችሁ ቤት እስክትገቡ ይቆይ።

ማስጠንቀቂያ፦ የጭስ ጠቋሚውን በፌስታል ወይም በካልሲ አትሸፍኑ፣ ባትሪውንም አታውጡ። ከቅጣቱ በላይ የሕይወት ጉዳይ ነው። ከሰል ደግሞ በፍጹም ክፍል ውስጥ አይቀጣጠልም። የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥም ይገድላል።

እርድ። ነጭ የኩሽና ጠረጴዛ ላይ የፈሰሰ አልጫ ቢጫ እድፍ ይተዋል። ቤኪንግ ሶዳ በትንሽ ውሃ አቡክታችሁ እድፉ ላይ ቀቡት፣ ትንሽ አቆይታችሁ በለስላሳ ጨርቅ አንሱት። መጀመሪያ በማይታይ ጥግ ሞክሩት። በሽቦ ከፈተጋችሁት እድፉ ይለቅና ጭረቱ ይቀራል፤ ጭረት ደግሞ «ጉዳት» ተብሎ ይጻፋል።

ዘይትና ቅቤ። ወጥ የተሠራበትን ዘይት ሲንክ ውስጥ አትድፉ። ቀዝቅዞ ቧንቧውን ይደፍናል፣ የቧንቧ ሠራተኛ ሂሳብ ደግሞ ወደ እናንተ ይመጣል። በቆርቆሮ አጠራቅማችሁ ቆሻሻ ውስጥ ጣሉት። ከምድጃው በላይ ያለውን የአየር መሳቢያ ወንፊት በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡት። ቁሌት የበዛበት ኩሽና እዚያ ላይ ነው የሚታወቀው።

ማስጠንቀቂያ፦ በረኪናን ከአሞኒያ፣ ከኮምጣጤ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ። መርዛማ ጋዝ ይወጣል። አንዱን ብቻ ተጠቀሙ፣ መስኮት ካለ ክፈቱ።

የቀረው ቀላል ነው። ፍሪጁን ባዶ አድርጉ፣ ቆሻሻውን አውጡ፣ ሳህኑን አጥባችሁ እንደ አመጣጡ ደርድሩ። ቁልፎቹንና ሪሞቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። በመጨረሻ እንደ መግቢያችሁ ቀን ከበሩ ቁጥር ጀምራችሁ እንደገና ቅረጹ።

ደረጃ 6፦ ሪሴፕሽኑ ፊት ቆማችሁ ውጡ

ቁልፍ ሳጥን ውስጥ ጥሎ መሄድ ይቀላል። ግን ገንዘቡን ለማስመለስ በጣም ጥሩው ዕድል ያለው ከሆቴሉ በር ሳትወጡ ነው። ከወጣችሁ በኋላ በስልክ የምታገኙት ክፍሉን ያላየ ሠራተኛ ነው።

በቅደም ተከተል እንዲህ አድርጉ።

1. ክፍሉን የሚያይ ሰው ይላክ በሉ። እምቢ ካሉ ወይም ሰው የለም ካሉ «ማን እንደነገረኝ ልጻፍ» ብላችሁ ስም ያዙ።

2. የመጨረሻውን ፎሊዮ አትመው ይስጧችሁ። ከታች ያለው ቀሪ ዕዳ ዜሮ መሆን አለበት። እያንዳንዱን መስመር እዩ። ያልተጠቀማችሁበት የፓርኪንግ ወይም የልብስ ማጠቢያ ክፍያ ካለ እዚያው አሳርሙ። ፎሊዮ ላይ ዕዳ ካለ ዲፖዚቱ በዚያ ይያዛልና።

   እግረ መንገዴን፦ ረጅም ከቆያችሁ የሆቴል ታክሱንም ተመልከቱ። በቴክሳስ 30 ተከታታይ ቀንና ከዚያ በላይ የሚቆይ ሰው ከሆቴል ታክስ ነጻ ይሆናል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነጻ ለመሆን ግን እንደምትቆዩ አስቀድማችሁ በጽሑፍ ማሳወቅ አለባችሁ። አለዚያ የመጀመሪያዎቹን 30 ቀናት ትከፍላላችሁ። ሌሎች ስቴቶችም የየራሳቸው የቀን ገደብ አላቸው። ይህ ገንዘብ አንዳንዴ ከዲፖዚቱ ይበልጣል።

3. የመጨረሻውን ሂሳብ ዲፖዚቱ በተያዘበት ካርድ ክፈሉ። ይህ ለምን ያስፈልጋል? በሌላ ካርድ ወይም በካሽ ከከፈላችሁ የድሮው ሆልድ ከክፍያው ጋር አይገናኝም፤ ብቻውን ተንጠልጥሎ ይቀራል። ሰው «ሁለቴ አስከፈሉኝ» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ሲሆን ነው። በሌላ ካርድ መክፈል ግድ ከሆነ በግልጽ ተናገሩ፦ «በዚያኛው ካርድ ላይ ያለውን ሆልድ ሪሊስ አድርጉልኝ (ልቀቁልኝ)።» ሪሊስ የሚለውን ቃል ተጠቀሙ፤ «ሪፈንድ» ስትሉ ሠራተኛው ሪፈንድ የሚሆን የተቆረጠ ክፍያ ፈልጎ «ምንም የለም» ሊላችሁ ይችላል።

4. ጥሬ ገንዘብ ከሆነ እዚያው ፊታቸው ቁጠሩ። በቼክ እንልካለን ካሉ ስንት ብር፣ መቼና ወደ የት አድራሻ እንደሚላክ ጽፈው ይስጧችሁ።

5. ያስተናገዳችሁን ሰው ስምና ሰዓቱን ፎሊዮው ጀርባ ላይ ጻፉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ንግግሩን በድብቅ አትቅረጹ። በሜሪላንድና በካሊፎርኒያ ሌላው ወገን ሳይፈቅድ የግል ንግግርን በድምፅ መቅረጽ ሕግ ይከለክላል። ማስረጃ የሚሆናችሁ ወረቀትና ኢሜይል ነው።

ደረጃ 7፦ ጠብቁ፣ ግን በቀን ቆጥራችሁ ጠብቁ

ሆቴሉ ሆልዱን ሲለቅ ባንኩ ወዲያው ላያነሳው ይችላል። በክሬዲት ካርድ ብዙ ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጠፋል። በዴቢት ካርድ ሳምንት ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ፕሪፔይድ ካርድ ከሁሉም ይዘገያል። የሚቆጠረው የሥራ ቀን ነው። ዓርብ ከወጣችሁ ቅዳሜና እሑድ አይቆጠሩም።

ሰባት የሥራ ቀን አልፎ ፔንዲንግ ላይ ካለ ወደ ባንካችሁ ደውሉ። ለዚህ ሆልድ የተሰጠውን የኦቶራይዜሽን ኮድ ጠይቁና ጻፉት። ከዚያ ሆቴሉ ጋ ደውላችሁ ኮዱን ንገሯቸው። ይህ ኮድ ሲኖር የትኛው ሆልድ እንደሆነ ፍለጋ ይቀራል። ሁለቱ እየተገፋፉ «ባንኩን ጠይቁ»፣ «ሆቴሉን ጠይቁ» ካሉ የባንኩ ሠራተኛ ሆቴሉን በመስመር ላይ እንዲጨምረው ለምኑት። ሦስታችሁ በአንድ ስልክ ስትሆኑ መገፋፋቱ ያበቃል።

ፖስትድ ሆኖ የተቆረጠ ከሆነ ግን ባንኩ ጋ የሚለቀቅ ሆልድ የለም። ቀጥታ ወደ ደረጃ 8 ሂዱ።

ደረጃ 8፦ በጽሑፍ ጠይቁ

ኢሜይሉ ለጄኔራል ማናጀሩ ይሁን። ስሜት አታብዙ። በእንግሊዝኛ መጻፍ ከከበዳችሁ ሐሳቡን በአማርኛ ጻፉና የሚያግዛችሁ ሰው ፈልጉ። ይዘቱ እንዲህ ነው፦

«ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በክፍል ቁጥር ይህን ያህል ቆይቻለሁ። ስገባ በመጨረሻ አራት ቁጥሩ ይህ በሆነ ካርድ ይህን ያህል ዶላር ዲፖዚት አስይዣለሁ። በዚህ ቀን ወጥቻለሁ፤ ፎሊዮው ቀሪ ዕዳ ዜሮ ያሳያል። ገንዘቡ እስከ ዛሬ አልተመለሰልኝም። እስከዚህ ቀን እንድትመልሱልኝ እጠይቃለሁ። የቆረጣችሁት ካለ ምክንያቱን በዝርዝር፣ ከፎቶና ከደረሰኝ ጋር ላኩልኝ።»

ፎሊዮውን፣ ስክሪንሾቱንና የክፍሉን ፎቶዎች አያይዙ። የቀን ገደብ ያለው ጥያቄ ያለ ገደብ ከሚላክ ይሻላል። ያ ቀን ሲያልፍ «ጠይቄ ዝም አሉኝ» የምትሉበት ማስረጃ ይሆናችኋልና። 10 የሥራ ቀን በቂ ነው።

ለትልቁ ብራንድ ዋና መሥሪያ ቤትም መደወል ይቻላል። ነገር ግን አንድ ነገር እወቁ፦ በር ላይ ትልቅ ስም የተጻፈባቸው ብዙ ሆቴሎች ባለቤታቸው ሌላ ነው፤ ስሙን በፍራንቻይዝ ይዘው ነው የሚሠሩት። ዋና መሥሪያ ቤቱ ኬዝ ከፍቶ ለዚያው ሆቴል ይልካል እንጂ ገንዘቡ እጁ ላይ የለም። የኬዝ ቁጥሩን ግን ያዙ፤ ማናጀሩን ያነቃዋል።

ደረጃ 9፦ በባንኩ በኩል ዲስፒዩት አድርጉ

ሆቴሉ ዝም ካለ ወይም ያለ ማስረጃ ከቆረጠ ቀጣዩ በር ዲስፒዩት፣ ማለትም ክፍያውን ባንኩ ጋ መቃወም ነው። ፔንዲንግ የሆነ ነገር ግን ዲስፒዩት አይደረግም፤ የተቆረጠ መሆን አለበት።

በክሬዲት ካርድ ከሆነ የፌደራል ሕግ ይደግፋችኋል። ስህተቱ መጀመሪያ የታየበት ስቴትመንት (የሂሳብ መግለጫ) ከተላከላችሁ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት አለባችሁ። ባንኩ ማመልከቻችሁ እንደደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ያሳውቃችኋል። ጉዳዩንም በሁለት የሂሳብ ዙር ውስጥ፣ ቢበዛ በ90 ቀን መጨረስ አለበት። በስልክ ወይም በአፕ ብትጀምሩም ደብዳቤ ላኩ። አድራሻው ክፍያ የሚላክበት ሳይሆን ስቴትመንቱ ላይ ለጥያቄዎች ተብሎ የተጻፈው ነው።

በዴቢት ካርድ ሕጉ ጠበብ ይላል። የበለጠ የሚጠብቃችሁ ካልፈቀዳችሁት ወይም መጠኑ ከተሳሳተ ቆረጣ ነው። እዚያም 60 ቀኑ ይሠራል። ባንኩ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ መርምሮ መጨረስ አለበት፤ ተጨማሪ ጊዜ ከፈለገ አብዛኛውን ጊዜ ገንዘቡን ለጊዜው ሂሳባችሁ ላይ መመለስ ይኖርበታል።

ቅጹ ምክንያት ሲያስመርጣችሁ «ተመላሽ ሊደረግልኝ የሚገባ ገንዘብ አልተመለሰልኝም» የሚለውን ዓይነት ምረጡ። «ይህን ክፍያ አላውቀውም» አትበሉ። ሆቴሉ ፊርማችሁን ያወጣና ትሸነፋላችሁ፤ ባንኩ ካርዱን ዘግቶ አዲስ ሊልክም ይችላል። የምትጠይቁትም ዲፖዚቱን ብቻ ይሁን። ያደራችሁበትን ኪራይ ጭምር ከጠየቃችሁ እውነተኛው ጥያቄያችሁም ይበላሻል።

ደረጃ 10፦ መንግሥትና ፍርድ ቤት

መጀመሪያ የስቴታችሁ አቃቤ ሕግ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል ጋ አቤቱታ አስገቡ። በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዲሲ ይህ ክፍል በነጻ ያሸማግላል። ሆቴሉ ከመንግሥት ደብዳቤ ሲደርሰው ፋይሉን ይከፍታል። የዲሲ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች በ2004 እ.ኤ.አ. በወጣው የቋንቋ ሕግ መሠረት አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ አማርኛ ከሚያገለግሉባቸው ዋና ቋንቋዎች አንዱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ጥያቄ አለ፦ «እንግዳ» ናችሁ ወይስ «ተከራይ»? በቨርጂኒያ ሆቴሉን ዋና መኖሪያችሁ አድርጋችሁ ከ90 ተከታታይ ቀን በላይ ከኖራችሁ የአከራይና ተከራይ ሕጉ ይሸፍናችኋል። ያኔ ዲፖዚቱ ከወጣችሁ በ45 ቀን ውስጥ፣ የተቆረጠው በዝርዝር ተጽፎ መመለስ አለበት። በካሊፎርኒያ ከ30 ቀን በላይ የቆየ ሰው በአብዛኛው እንደ ተከራይ ይቆጠራል፤ የዲፖዚት መመለሻ ጊዜውም 21 ቀን ነው። እዚያ ሆቴሉ ተከራይ እንዳትሆኑ ብሎ 30 ቀን ሳይሞላ አስወጥቶ መልሶ ማስገባትም ክልክል ነው። ከዚህ ያነሰ ከቆያችሁ የሚገዛችሁ የፈረማችሁት ወረቀት ነው።

የመጨረሻው ስሞል ክሌምስ፣ ማለትም የአነስተኛ ገንዘብ ክርክር የሚታይበት ፍርድ ቤት ነው። ጠበቃ አያስፈልግም። በቨርጂኒያ እንዲያውም ጠበቃ ይዞ መቅረብ አይፈቀድም። የገንዘብ ጣሪያው በቨርጂኒያና በሜሪላንድ 5,000፣ በዲሲ 10,000፣ በጆርጂያ 15,000፣ በቴክሳስ 20,000 ዶላር ነው። ዲፖዚት ከዚህ ሁሉ በታች ነው። የምትከሱት በር ላይ ያለውን ስም ሳይሆን ሆቴሉን የያዘውን ድርጅት ነው። ስሙ ፎሊዮው ግርጌ ላይ ወይም የንግድ ፈቃዱ ላይ አለ። መጥሪያ የሚቀበልለትን ወኪል ከስቴቱ የድርጅቶች መዝገብ ኢንተርኔት ላይ ታገኛላችሁ። ስሙ ከተሳሳተ ብታሸንፉም ገንዘቡን የምትቀበሉት ሰው የለም። አማርኛ አስተርጓሚ ከፈለጋችሁ ፋይል ስትከፍቱ ጠይቁ፤ በቀጠሮው ዕለት ከጠየቃችሁ ቀጠሮው ይተላለፋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው

- ዲፖዚቱን የመጨረሻ ሳምንት ኪራይ አድርጎ መቁጠርና ሳይከፍሉ መውጣት። ሆቴሉ ዕዳ አለብህ ይላል፤ የዘገየ ክፍያ ቅጣትም ሊጨምር ይችላል።
- ካርዱን ቀድሞ መዝጋት። ሪፈንዱ ወደ ተዘጋ ሂሳብ ይላክና ባንኩ ጋ ይንከራተታል። ካርዱ ጠፍቶ ከተተካ ግን ሂሳቡ ያው ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ይደርሳል።
- በስልክ ብቻ መጨቃጨቅ። ሦስት ሠራተኛ ሦስት የተለያየ መልስ ይሰጣል፣ አንዱም አይጻፍም።
- በጓደኛ ካርድ አስይዞ ለጓደኛው አለመንገር። ገንዘቡ ተመልሶ ሳለ ሁለታችሁም አታውቁም።
- ሪሴፕሽን ላይ መጮህ። ሠራተኛው የመመለስ ሥልጣን ካለው ያኔ ይጠፋበታል።

ምንም ወረቀት ሳትይዙ ከወጣችሁ

አልረፈደም። ሆቴሉ ጋ ደውላችሁ «የመጨረሻ ፎሊዮዬን በኢሜይል ላኩልኝ» በሉ። ስምና የቆያችሁበትን ቀን ብቻ ነው የሚጠይቁት፤ ይህ በየቀኑ የሚሠሩት ነገር ስለሆነ አይከራከሩም። ስለ ዲፖዚቱ በዚያ ስልክ አታንሱ። ፎሊዮው እጃችሁ ከገባ በኋላ ባንክ አፓችሁን ክፈቱ፣ የገባችሁበትን ቀን ፈልጉና ከደረጃ 1 ጋር አስተያዩት። መስመሩ ጠፍቶ ከሆነ ገንዘቡ ተመልሷል። ፖስትድ ሆኖ ካገኛችሁት ደረጃ 8 ላይ ያለውን ኢሜይል ዛሬውኑ ላኩ፤ 60 ቀኑ መቁጠር ጀምሯል።